ማሽላ የተባለው ፊደል

ከሱቄ በር ወጥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለመግባት መንገድ እንኳ መሻገር አያስፈልግም። ሚኒባሶቹ ደጃፌ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ተራ አስከባሪው፣ ድምፁ በአቧራና በጫት የሻከረ ጎልማሳ፣ ከማለዳ ጀምሮ «አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ውሸቱን ነው። መኪናው ባዶውን ቆሞም «አንድ ሰው የቀረው» ነው የሚለው። እኔ ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ በየቀኑም ያ የቀረው አንድ ሰው እኔ የሆንኩ ይመስለኛል።

ከሚሴን አልጠላትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መሄድ ፈልጎ የቀረ ሰው ሁሉ ከተማውን የሚሳደብ ስለሚመስል ነው። ሙቀቷ ያናድደኛል፤ ባጃጆቿ ያናድዱኛል፤ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ጉዳይ ማወቁ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል። ሰላምታዋ ግን ደስ ይለኛል። ሰው በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል፤ መሐል ላይ አልሀምዱሊላህ ይላል፤ ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ከብት የሌለኝን ሴት ከብቴን ሳይቀር ይጠይቀኛል። እንዲህ የምትጠይቅን ከተማ መጥላት ይከብዳል፤ ጥዬ ለመሄድ የከበደኝም በከፊል ለዚህ ነው።

ሱቄ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ለባለጉዳይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ከሚሴ የዞን ከተማ በመሆኗ ቢሮ የማይመላለስ ሰው የለም፤ ቢሮ የሚመላለስ ሁሉ ደግሞ ወረቀት ያስፈልገዋል። የመሬት አቤቱታ፣ የዝውውር ማመልከቻ፣ የኒካህ ካርድ፣ የሱቅ ባነር እሠራለሁ። አብዛኛው በሁለት ቋንቋ ነው፤ ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው በፊደል። ቁቤ አናባቢውን እየደረበ ስለሚጽፍ ይረዝማል፤ አማርኛው አጠር ይላል፤ ባለ ባነሩ ግን ሁለቱም እኩል እንዲታዩለት ይፈልጋል። «ለምን የኛ አነሰ?» የማይል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም፤ «የኛ» የሚለው የትኛውንም ይሁን።

ሌላ ሰው ጽሑፍ ሲያይ ቃሉን ያነባል። እኔ መጀመሪያ የማየው የፊደሉን ቅርጽ ነው፤ እንዴት እንደቆመ፣ የት እንደወፈረ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ እንደሆነና እንዳልሆነ። አንድ ቀን ጠዋት የኒካህ ካርድ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ልጁ የሞተበት አባት መጥቶ፣ ሐዘን ላይ ላጽናኑት ሰዎች የምስጋና ጽሑፍ አሠራ። ሁለቱንም በአንድ ፎንት ነው የጻፍኩት፤ ኮምፒውተሬ ላይ ከነበሩት ውስጥ ሲታተም የማይበላሽ እሱ ብቻ ስለነበር። ወረቀቶቹ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየኋቸው። ለሠርጉም ለሐዘኑም ያው ፊት! ደሜ ፈላ። ያን ዕለት ነው የራሴን ፊደል መሣል የጀመርኩት።

ሥራው ቀላል አይደለም። ላቲን የሚሠራ ሰው አንዷን ፊደል ሠርቶ ይገላገላል፤ የኛዎቹ ሰባት ሰባት ይወልዳሉ። «ለ»ን ትንሽ ሰፋ ካደረግኩ «ሉ»ም «ሊ»ም ተከትለው እኛስ ይላሉ። በወረቀት ላይ በብዕር እጽፋለሁ፤ በኮፒ ማሽኔ ስካን አደርጋለሁ፤ ከዚያ በማውስ ዳር ዳሩን እየተከተልኩ ኮምፒውተር ላይ እስለዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እዘጋዋለሁ፤ ደንበኛ ሲሄድ እከፍተዋለሁ። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ፊደል» እላለሁ። «ፊደልማ ተሠርቶ አልቋል አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ለእነሱ አልቋል።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደኔ ያበዱ ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት በስልክ ነው። ፊደል የሚስሉ፣ ስለ ፊደል የሚከራከሩ ሰዎች ግሩፕ ነበራቸው። ገብቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አነበብኩ። ሰው ስለ «ሐ» እግር ሁለት ቀን ሙሉ ሲጣላ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! አንዱ የ«ቀ»ን ክብ ይለጥፋል፤ ሌላው «እንቁላል አስመሰልከው» ይለዋል፤ ሦስተኛዋ «እንቁላል ምን አደረገህ?» ትላለች። ሰብሳቢያቸው በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ቁም ጽሕፈት የተማረ፣ ብራና ላይ መጻፍ የሚያውቅ፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ የገባ ሰው ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ሁሉም ዝም ይላል። እኔም አንድ ቀን ልቤ እየደለቀ የራሴን ፊደሎች ለጠፍኩ።

ሰብሳቢው እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «እኅቴ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ውፍረቱ ግን ተገልብጧል። የኛ ፊደል እግሩ ይወፍራል፤ አናቱና ማያያዣው ይቀጥናል። ያንቺዎቹ አናታቸው ከብዶ እግራቸው ሳስቷል። ብዕርሽን አዙሪው።» ሌላው ቀለደ፦ «ይሄ ፊደል ነው ማሽላ?» ሳቁ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ በደጃፌ የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ረገምኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ፊደሎቹን እንደገና አየኋቸው። ልክ ነበር። ከከሚሴ አጠገብ ባለው የጨፋ ሜዳ መከር ሲደርስ ማሽላው ቀጭን አገዳው ላይ ዛላውን ተሸክሞ ይቆማል፤ የኔ «መ» እና «ተ» ልክ እንደዚያ ነበሩ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። ግሩፑ ውስጥ «ማሽላ እንዴት ሆነ?» ካሉ የኔን ፎንት ማለታቸው ነው።

ብዕሬን አዞርኩ። ለወራት እግሩን አወፈርኩ፣ አናቱን አቀጠንኩ፤ ሁሉንም ከ«ሀ» ጀምሬ። ሲያልቅ አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ልክ ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለውም፤ ነፍስ ግን የለውም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንድ ቀን የእማን አልጋ ሥር ስጠርግ ነው። የአባቴ ሎህ እጄ ላይ ወጣ።

አባቴ ጨፋ ውስጥ ቁርኣን ያስቀራ ነበር። ሎህ ማለት ልጆች የቁርኣን አንቀጽ የሚጽፉበትና አጥበው እንደገና የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። አባቴ መቃውን ከቦርከና ወንዝ ዳር ያመጣል፤ በቢላ ይጠርበዋል፤ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። የዐረብ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ ብዕሩ አግድም ሲጎተት ወፍራም፣ ወደ ታች ሲወርድ ቀጭን መስመር እንዲያወጣ ነው የሚቆርጠው። ለእኔም በዚያው ቆረጠልኝ። ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ እማራለሁ፤ ማታ የቤት ሥራዬን የምጽፈው በአባቴ ብዕር ነው። ደብተር ስጨርስ ሌላ ብዕር ይቆርጥልኛል፤ እንደ ሁልጊዜው በዚያው አቆራረጥ። የአማርኛን ፊደል በዐረብ ብዕር ስጽፍ አደግኩ። ተገለበጠ ያሉት ውፍረት የእኔ ስሕተት ሳይሆን የአባቴ ቢላ ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ሎሁን አቅፌ አለቀስኩ፤ እማ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «አቧራ ነው» አልኳት።

ይህንኑ ለግሩፑ ጻፍኩ፤ የሎሁንም ፎቶ ጨመርኩ።  ሰብሳቢው በነጋታው መለሰ፦ «እንግዲያውስ አትንኪው።» የቀድሞውን ማሽላ መለስኩ።

ከዚያ ነው ጥሪው የመጣው። እነዚህ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ የጋራ ስቱዲዮ ሊከፍቱ ነበር፤ ለአንድ ዓመት አብራቸው የምትሠራ ሰው ፈለጉ። ጠረጴዛ አለ፣ ደሞዝ አለ፣ ከሁሉ በላይ ስለ ፊደል የሚጣላ ሰው አለ። ሰብሳቢው ደወለልኝ። «ማሽላን እዚህ መጥተሽ ጨርሺው። ቦታውን እስከ ዒድ ማግሥት እይዝልሻለሁ» አለኝ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ፈልጎኝ የደወለልኝ ሰው አልነበረም። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ያገባኝ ሰው እንኳ እንዲህ አልፈለገኝም።

አሁን ስለ እማ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ግማሽ ጎኗ ከከዳት ዓመት አልፎት ነበር። ደም ግፊት ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ በድን ናቸው፤ አፏ ግን ደህና ነው፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ተፈትቷል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ቤታችን መስኮት ሥር ተኝታ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ምን አስጻፈ፣ ሁሉንም ትሰማለች። የሼህ ልጅ ናት፤ የዐረቡን ፊደል አጥርታ ታነባለች፤ እንደ ድሮ የወሎ ሰው አማርኛውን ራሱ በዐረብ ፊደል ትጽፍ ነበር። የአማርኛውን ፊደል ግን ተምራው አታውቅም። የኔን ሥራ «ያንቺ ሥዕል» ነው የምትለው።

ጥሪውን ስነግራት አንዴም አላመነታችም። «ዴሚ ኢንተላ ኮ» አለችኝ። ሂጂ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ «ዴሚ» ሆነ። ሳጥባት «ዴሚ»፤ ሳጎርሳት «ዴሚ»፤ ጸጉሯን ሳበጥርላት «ዴሚ»፤ ቀጥሎ ደግሞ በዚያው አንደበቷ «እስቲ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ፤ አንገቴን ያዘኝ»። ተናድጄ «እማ፣ እኔ ብሄድ ትራሱን ማን ከፍ ያደርግልሻል?» ስላት «አላህ አለ» ትለኛለች። አላህ እንዳለማ እኔም አውቃለሁ። ያሰረኝ ሰው ቢኖር ገመዱን በጥርሴም ቢሆን እበጥሰው ነበር። ማንም አላሰረኝም። በሩ ክፍት ነው፤ ሚኒባሱ ደጅ ላይ ነው፤ እናቴ «ሂጂ» ትላለች። እንዲህ ካለ እስር በምን ይወጣል?

ደሴ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድም አለኝ። ደወልኩለት። «አብሽሪ» አለኝ። «እማን እኔ እወስዳታለሁ። የኔስ እናት አይደለች እንዴ? ዒድ ይለፍ ብቻ።»

«አያ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ እወስዳታለሁ አልኩሽ!»

ማለልኝ፤ አመንኩት። ለተራ አስከባሪው «የዒድ ማግሥት የፊተኛዋን ወንበር ያዝልኝ» ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። «አንቺ? ለስንት ቀን?» አለኝ። «ለዓመት» አልኩት። በማግሥቱ ከሚሴ ሁሉ ሰማ። ለማመልከቻ የሚመጣው ሁሉ «እናትሽንስ?» ይለኛል፤ «ወንድሜ ይወስዳታል» እላለሁ፤ «እህ» ይሉኛል። ይቺን «እህ» እዚህ አገር ያልኖረ አያውቃትም። ስድብ አይደለችም፤ ግን ልብስህን አስወልቃ ታቆምሃለች።

ዒድ አለፈ። በማግሥቱ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ፣ ሎሁን በነጠላ ጠቅልዬ ከላይ አስቀምጬ፣ እማን አጥቤና አልብሼ፣ ወንድሜን ስጠብቅ ተቀመጥኩ። ማለዳው ዝም ብሏል። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ኋላ ነው የጎደለው ምን እንደሆነ የገባኝ፤ የሚጮኽ አልነበረም። በሩን ከፈትኩ። ደጃፌ ባዶ ነው። አንድም ሚኒባስ የለም። ተራ አስከባሪው የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ይጭራል።

«መንገድ ተዘግቷል» አለኝ። «ወደ ላይም ወደ ታችም። ግቢ፣ ውጭ አትቁሚ።»

ለምን እንደተዘጋ እያንዳንዱ የራሱን ያወራ ነበር፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። ያኔ የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር፤ እፎይታ ነው የተሰማኝ። ፍርሃቱ ኋላ መጣ፤ ንዴቱም ኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ግን፣ ከደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተነሳልኝ ያለ እፎይታ ነው። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ፈርቼ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ሰብሳቢውም ይረዳኛል፤ ራሴም ራሴን እረዳለሁ። ቀና ስል እማ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ፊቴን አየችው።  ያን ቀን «ዴሚ» አላለችኝም፤ በማግሥቱም አላለችኝም።

መንገዱ እንደተዘጋ ሰነበተ። ኢንተርኔት የለም፤ መብራት ሲለው ይመጣል፣ ሲለው ይሄዳል፤ ወንድሜም ሰብሳቢውም በስልክ አይገኙም። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር አብሮ ይተኛል። ሽንኩርት ጠፋ፤ ዘይት ጠፋ። ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚሄድ የለም፤ ከዚያም የሚመጣ የለም። ጎረቤት በግንቡ ላይ እየተያየ «አብሽሩ፣ ያልፋል» ይባባላል፤ ይስቃልም። ማሽላ እያረረ ይስቃል የተባለው ለካ ለኛ ኖሯል። እኔማ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የሆነ ሰላም አግኝቼ ነበር። ከተማው ሁሉ እንደኔ ሆነ። ደሴ እንዲታከም የተቀጠረው፣ አዲስ አበባ ላለ ዕቃ የከፈለው፣ ሁሉም በየቤቱ ቁጭ አለ። መሄድ ፈልጌ የቀረሁ እኔ ብቻ አልነበርኩም።

መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሬ ላይ እሮጣለሁ። በዚያ ጊዜ ነው ለማሽላ ቁቤውን የሠራሁለት። የአዲስ አበባዎቹ ስለ ቁቤ አንስተው አያውቁም፤ የላቲን ፊደል ከየትም ይመጣል ብለው ነው። ከሚሴ ላይ ግን አማርኛው አንድ መልክ፣ ቁቤው ሌላ መልክ ይዞ ባነር ላይ ቢወጣ፣ ባለ ባነሩ ወንበሬን ይገለብጥብኛል። ቁቤውንም በዚያው በአባቴ አቆራረጥ ጻፍኩት፤ አግድሙ ወፍራም፣ ቁሙ ቀጭን። «aa»ውንና «ee»ውን እያጠጋጋሁ የተደረበው አናባቢ ቦታ እንዳይፈጅ አደረግኩ። ሁለቱን ጽሑፎች ከላይና ከታች አድርጌ ሳያቸው የአንድ ቤት ልጆች መሰሉኝ። ለማን ላሳይ? ማንም የለም። ለእማ አሳየኋት። «ሁለቱም ወፍሯል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አንድ ማለዳ «አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከተማው በደስታ ወጣ፤ ሰው መንገድ ላይ ተቃቀፈ። እኔ ግን ከአልጋዬ አልተነሳሁም። ሻንጣዬ በሩ ሥር እንደታሰረ ነው። ከአሁን በኋላ የማመካኝበት መንገድ የለም።

ወንድሜ በሳምንቱ መጣ። ስኳርና ሙዝ ይዞ መጣ። እማን ግንባሯን ሳመ፤ አለቀሰ፤ ምሳ በላ። ከምሳ በኋላ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ሁሉም ገባኝ። የሚስቱ እናት በዚያ በጭንቁ ጊዜ ከገጠር ሸሽታ ቤቱ ገብታለች፤ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። «ትንሽ ታገሺኝ። አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ምለህልኝ ነበርኮ!» አልኩት። ድምፄ ደጅ ድረስ ተሰማ።

«ምያለሁ። እማን ማን ላይ ላስተኛት? በአላህ፣ አንቺው ንገሪኝ።»

ጮኼ ስድብ የተባለውን ሁሉ ሰደብኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የባሰ የሚያቃጥለው እውነቱን መሆኑ ነው። እማ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች። እናቴን ስትተኛና ስትነቃ አውቃታለሁ፤ አልተኛችም ነበር።

ሰብሳቢው ደወለ። ደህና መሆኔን ሲሰማ «ተመስገን» አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ «መቼ እንጠብቅሽ?» አለኝ። «ሌላ ሰው አስገቡ» አልኩት። እንዲህ እንደምል አላውቅም ነበር። ለደንበኛ «ዛሬ ቀለም አልቋል፣ ነገ ይምጡ» በምልበት ድምፅ፣ በትሕትና ነው ያልኩት።  ከዚያ «ፊደሉስ?» አለኝ። «ፊደሉን ውሰዱት» አልኩት። የዚያኑ ዕለት ፋይሉን ላክሁ። ማሽላ ከከሚሴ አዲስ አበባ ለመድረስ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ሻንጣዬን ፈታሁ።

ፎንቱን በነጻ ለቀቁት፤ ሰው ወደደው። መጀመሪያ ያየሁት እደጃፌ የቆመ ሚኒባስ የኋላ መስተዋት ላይ ነው። አዲስ አበባ የተቆረጠ ስቲከር፣ «ሁሉም ያልፋል» ይላል። «ያልፋል» ሲል የ«ፋ» አናት እንደዚያ ከብዶ ሳየው የማውቀው ልጅ ባልጠበቅሁት ቦታ የጠራኝ ያህል ደነገጥኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ፤ እኔ ቆሜ አየሁት። ከዚያ በብስኩት ካርቶን ላይ አየሁት፤ ከዚያ በአንድ የጭነት መኪና ጎን ላይ። በየቀኑ መንገዱን ይወጣል ይወርዳል። ደስ ብሎኛል፤ እዋሻለሁ ካላልኩ በቀር ደስ አላለኝም ማለት አልችልም። ቅናትም ይዞኛል። በገዛ ፊደሌ እቀናለሁ።

በቅርቡ አንድ አዲስ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ሱቄ ገባ። የጨፋ ሰው ነው፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። «አካም ጂርታ» ብሎ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እማ፣ ስለ ሁሉም ጠይቆ ሲያበቃ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ባነር ነው የምፈልገው። ግን አደራሽን፣ እንደ ከሚሴ እንዳታደርጊብኝ።»

«እንደ ከሚሴ ማለት?»

«ያው እንደዚህ የተለመደ። የአዲሳባውን ፊደል ነው የምፈልገው። እዚህ አይኖርም ብለውኛል፤ ግን ልጠይቅ ብዬ ነው።» ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ። አዲስ አበባ የሚገኝ የአንድ ካፌ ታፔላ። ማሽላ።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ለኔ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። «አለኝ» አልኩት።

«ወላሂ? ከየት አገኘሽው?»

የኔ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን አየሁት። የኔ ነው ብለው ወይ አያምነኝም፣ ወይ ካመነኝ ሐሳቡን ይለውጣል። «ከአዲሳባ አስመጥቼ ነው» አልኩት። ደስ አለው። ባነሩን በሁለት ቋንቋ ሠራሁለት፤ ቁቤውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ አፈጠጠ።

«ይሄን ቁቤ ደግሞ እንዴት ከአማርኛው ጋር አስማሙት? አዲሳባዎች እኛንም ያስባሉ ለካ!»

«ያስባሉ» አልኩት። ሲወጣ ደጋግሞ መረቀኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስቄ ስቄ፣ ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባኝ ተነሥቼ ኮፒ ማሽኑን መጥረግ ጀመርኩ።

ለሙከራ ያተምኩትን ትንሿን ወረቀት ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እማ በደህናው እጇ ተቀበለችኝ፤ ከፊደሉ አንዱንም አታነበውም። አውራ ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሎህ ላይ እንደሚደረገው፣ በወፍራሙ መስመር ላይ ቀስ ብላ ጎተተችው።

«የሱ አቆራረጥ ነው» አለች። አባቴን ማለቷ ነው።

«አዎ።»

«ያ ሰውዬ ምን እያለ ነበር? ከአዲሳባ ነው የመጣው ስትይው ሰማሁሽ።»

«አዲሳባ ሄዶ ነው የተመለሰው፣ እማ።»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። «እሱ ሄዶ መጣ» አለች። «አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?»

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ስለ መሄድ ስታነሳብኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።  የመግሪብ አዛን ተጀመረ። እማ መልሴን አልጠበቀችም፤ ለውዱእ፣ ለሶላት ትጥበቱ፣ እንዳነሳት ደህናውን እጇን ዘረጋችልኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አነሳኋት።